የጋሽ ሙሜ ስምንት ደቂቃ

«በመጋላ በኩል አልገባም፤ ድንኳን ጥለው መንገዱ ተዘግቷል» አለኝ ባጃጁን የሚነዳው ልጅ። ማን ሞቶ ነው ስለው መስታወቱን እያስተካከለ፣ «ስምንት ደቂቃ» አለኝ።

«ስሙ ሙሜ ነው» አልኩት።

«እኔ እንጃ እህቴ። ሁሉም ስምንት ደቂቃ ነው የሚለው።»

እዚሁ አውርደኝ አልኩት። ቤቴ ገና ሩቅ ነበር። ልጁ አንድ ቃል ቢጨምር ግን የምጣላው መሰለኝ፤ እሱ ደግሞ ምንም አላጠፋም። የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ በእግሬ አቋረጥኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እየሄድኩ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፦ ሰውየው በኔ ስም ተቀበረ። «ስምንት ደቂቃ» የሚለው ስም የኔ ነው። እሱ ተሸክሞልኝ ኖረ፤ እኔም ዝም ብዬ አየሁ።

ጋሽ ሙሜ የስድሳ ምናምን ዓመት ሰው ነበር፤ እኔ ግን «እሱ» ነው የምለው። ድሬ ላይ አንቱ አንባባልም። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ደንበኛ «እርስዎ» ቢለው፣ ጋሽ ሙሜ ከኋላው ማን እንደቆመ ለማየት ዞር አለ። አሁን ስለሞተ አንቱ ልበለው ብል እዚያም ሆኖ የሚዞር ይመስለኛል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባ ሲለኝ፣ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር ስጣላ ከረምኩ። እናቴ የተበላሸ ቴሌቪዥን አሸክማኝ እዚያው ሰፈራችን መጋላ ወዳለው ሱቁ ወሰደችኝና፣ «ሙሜ፣ ሁለቱንም ጠግንልኝ» አለችው። ቴሌቪዥኑን ከፍቶ አየ፤ እኔንም አየ። «ቴሌቪዥኑ አልቆለታል» አላት። «ልጅቷን ተያት።»

ያኔ ቴሌቪዥን የሚያስጠግን ሰው እየጠፋ ነበር። ጋሽ ሙሜ የሚኖረው በሰሌዳ ነበር፤ የፋርማሲ፣ የፀጉር ቤት፣ የሆቴል ስም በቀይ መብራት የሚጽፍ ሰሌዳ። ባዶውን ሰሌዳ ነጋዴዎች በጅቡቲ በኩል ያመጡለታል። ሰሌዳው ታዲያ የፈረንጅ ፊደል እንጂ የኛን አያውቅም። የኛን የሚያስተምረው እሱ ነው፤ ሲ በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ። ሲን የተማረው ሽፋኑ ከተገነጠለ ፎቶኮፒ መጽሐፍ ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ አልነበረውም። ምን ይላል ብለው ሲጠይቁት፣ «ገና አልደረስኩበትም» ይላል።

ፊደሎቹን መጀመሪያ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ላይ ነበር የሚስላቸው። አንዷ ካሬ አንድ ነጥብ፣ አንዷ ነጥብ አንድ መብራት። በእርሳስ የጠቆረችው ትበራለች፣ ነጭ የቀረችው ትጠፋለች። ጨ ብቻዋን ሁለት ቀን ፈጀችበት። ሲጨርስ ደብተሩን ግድግዳ ላይ ያቆምና ይወጣል፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ሳምቡሳ ከምትጠብሰው ሴትዮ አጠገብ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያታል። ይመለስና አንዲት ካሬ በላጲስ ያጠፋል። ደግሞ ይወጣል። ሴትዮዋ፣ «ዛሬ ደግሞ የትኛዋን ፊደል ነው የምታገባት?» ትለዋለች።

እኔ ቁጭ ብዬ መማር አልችልም፤ እግሬን ይበላኛል። ይህን በሁለተኛው ቀን አወቀ። የሱቁ ወለል የድሮ ንጣፍ ነው፣ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን። የለስላሳ ቆርኪ በፌስታል ሞልቶ ሰጠኝና «ቆመሽ ተማሪ» አለኝ። የግራው የላይ ጥግ ዜሮ፣ ዜሮ ነው። እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ «ሦስት፣ አምስት፣ ይብራ» ይላል፤ ወደ ቀኝ ሦስት፣ ወደ ታች አምስት ሄጄ ቆርኪ አስቀምጣለሁ። «ይጥፋ» ሲል አነሳለሁ። ከአንድ ከጀመርኩ፣ «ቢንቲ፣ ዜሮም ቤት አላት» ይለኛል። ቢንቲ በዐረብኛ ልጄ ማለት ነው። ከሰዓት ከተማው የጫት በርጫ ላይ ጋደም ሲል፣ እኔ ወለል ላይ እዘል ነበር። በሳምንቱ ወለሉን ሙሉ አንዲት ሰ ጻፍኩበት፣ የስሜን መጀመሪያ። ሰብለ ነው ስሜ። ጋሽ ሙሜ ሰዋን እንዳይረግጣት ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ሲሄድ ከረመ።

«ሥራው ይኸው ነው» አለኝ። «ከግራ ስንተኛ፣ ከላይ ስንተኛ፣ ይብራ ወይስ ይጥፋ። ሌላው ሁሉ ትዕግሥት ነው።»

የመጨረሻዋን አልሰማኋትም።

አንድ ፀጉር አስተካካይ በስሙ አጠገብ መቀስ ይታይልኝ ብሎ መጣ። ጋሽ ሙሜ የሚከፈትና የሚዘጋ መቀስ ሊስል ሳምንት ሙሉ ሰውየው ሱቅ እየሄደ እጁን ሲያይ ዋለ። ሲሰቀል ፀጉር አስተካካዩ፣ «አቦ፣ ይሄ ከኔ ይበልጣል፤ ደንበኛ ወደሱ እንዳይሄድብኝ» አለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በአንድ ፋርማሲ በር ስናልፍ ከሰሌዳው አንዲት ነጥብ ተቃጥላ አየ። ሰሌዳውን ከሰቀልነው ዓመት አልፎታል። በዚያ በሚያመው ጉልበቱ መሰላል ላይ ወጣ። ባለ ፋርማሲው ወጥቶ፣ ውረድ ሙሜ፣ አንዲት ነጥብ ማን ያያል ቢለው፣ «እኔ አየኋት» አለ። «ካየኋት ወዲያ ምን ላድርግ?»

አንድ ነገር ላይ ብቻ ግትር ነበር። ነጥቦቹ ሰሌዳው ላይ ከመብራታቸው በፊት ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሜሞሪ በሚባለው ማህደር ይቀመጣሉ፤ ዓምድ ከዓምድ ተያይዞ፣ ከዜሮ እስከ ስልሳ ሦስት። ሰሌዳው እዚያ ያልቃል፤ ማህደሩ ግን አያልቅም። ቀጥሎ ያለው የሌላ ነገር ቦታ ነው። ስልሳ አራት ላይ ነጥብ አብራ ብትሉት ሲ አይከለክላችሁም፤ ሄዶ ሌላው ቦታ ላይ ይጽፋል። «ሲ እንደ መጋላ ቤት ነው» ይል ነበር ጋሽ ሙሜ። «ግድግዳችን አንድ ነው፣ በራችንም አይዘጋም። ማንም ተመለሽ አይልሽም። ስለዚህ ራስሽ አንኳኪ።» ነጥብ የምታበራው ትእዛዝ መጀመሪያ ላይ አንዲት መስመር አለች፦ ቁጥሩ ከዜሮ ካነሰ ወይም ከስልሳ ሦስት ከበለጠ፣ ተመለስ። ማተሚያ ያወጣው ወረቀት ላይ አጠገቧ በእጁ «ማንኳኳት» ብሎ ጽፎባት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ረመዳን ሊገባ ሲል ለሰፈሩ መስጊድ ሰሌዳ ሠራን። ሰዓቱን ያሳያል፤ መሃል መሃል ላይ መልካም ምኞት በርቶ ይጠፋል፤ ጾም የሚፈታበት የመግሪብ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ይጮኻል። ሙአዚኑ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ስለሆነ፣ አዛን የሚለው ሰሌዳው ሲጮህለት ነው። ጋሽ ሙሜ እንደዚያ የተጠነቀቀለት ሥራ አላየሁም። እኔን ግን አንድ ነገር አናደደኝ። ጽሑፉ ሲመጣ ይጎተታል፤ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ሲሳሉ ይታያል። እናፍጥነው አልኩት። «ሰው ለሰላት ነው የሚመጣው፣ ለሲኒማ አይደለም» አለኝና ለከሰዓቱ ሰላት ወጣ።

ሰሌዳው አንድ ሺህ ሃያ አራት ነጥብ አለው። ለእያንዳንዷ ነጥብ አንድ ማንኳኳት። ጽሑፉ «ረመዳን ከሪም» ነው፤ እሱ ራሱ ካሬ በካሬ ለክቶታል። ታዲያ ማን ቤት ይገባብናል ብዬ መስመሯን አጠፋኋት። ጽሑፉ ብልጭ ብሎ መጣ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። በዚያው ከመስጊዱ ኮሚቴ አንድ ሰውዬ ብቅ ብሎ፣ «ረመዳን ሙባረክ» ብታደርጉልን ይሻላል አለ። ደብተሩን ገልጬ መለካት ነበረብኝ። አልለካሁም። ጻፍኩት፣ አበራሁት፣ ገባ። የገባ መሰለኝ።

ጋሽ ሙሜ ሲመለስ ቆም ብሎ አየው። ጽሑፉ ለምን እንደተቀየረ ነገርኩት። ለካሽው ወይ ሲለኝ አዎ አልኩ። «ዓይኔ ነው ወይስ ፈጠነ?» አለኝ። ዓይንህ ነው አልኩት፣ እየሳቅኩ። በነጋታው ሰቀልነው።

ብዙ ቀን በደህና ሠራ። ረመዳኑ ሊጋመስ ሲል አንድ አመሻሽ ሱቅ ነበርን። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ባልጾምም በረመዳን እሱ ፊት አልበላም፣ ማፍጠሩን ግን አብሬው አፈጥራለሁ። ተምሩን ደርድሮ፣ ውሃውን ቀድቶ ይጠብቃል። ሰሌዳው ጮኸ፤ የሙአዚናችን ድምፅ ወጣ። ጋሽ ሙሜ ቢስሚላህ ብሎ ተምሯን አፉ ውስጥ አደረገ። ከዚያ ማኘኩን አቆመ።

ድሬ ላይ የመግሪብ አዛን ብቻውን አይወጣም። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል፤ ከተማው ባንድ ጊዜ ይሞላል። ያን ቀን የኛ ሙአዚን ብቻውን ነበር። ጋሽ ሙሜ ተምሯን መዳፉ ላይ ተፋት። አያት። ወደ በሩ ሄዶ ሰማዩን አየ። ከየቤቱ የሾርባ ማንኪያ ድምፅ፣ የልጆች ሳቅ ይሰማል። ሰፈሩ እየበላ ነው። ተምሯ መዳፉ ላይ እንዳለች እዚያው ቆመ። ሌሎቹ መስጊዶች እስኪጀምሩ ስምንት ደቂቃ ፈጀ፤ ሰዓቴን አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ማንኪያውን ሲጥል ሰማሁ፤ ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ መንገዱ በሰው ሞላ። ያን ቀን የበላ ሁሉ ሌላ ቀን መልሶ መጾም አለበት ተባለ።

በማግስቱ ሰሌዳውን አውርደን ጠረጴዛ ላይ አጋደምነው። ደብተሩን ገልጦ፣ በእርሳሱ ጫፍ ፊደል በፊደል ቆጠረ። የመጨረሻዋ ላይ ቆመ።

«ክ አንዲት ነጥብ ጎድላታለች» አለ። «የት ሄደች?»

የት እንደሄደች ወዲያው ገባኝ። «ሙባረክ» ረዝሞ ነበር፤ ከክ ቀኝ ጫፍ አንዲት ነጥብ ከሰሌዳው ወጥታ ጎረቤት ቤት ገባች። ጎረቤቱ የመግሪብ ደቂቃ ነው። ቁጥርም ማህደሩ ውስጥ የሚበሩና የሚጠፉ ነጥቦች ሰልፍ ነው፤ እያንዳንዷ የራሷን ያህል ታወጣለች። ጽሑፉ በርቶ ሲጠፋ፣ ከቁጥሩ ላይ ስምንት የምታወጣዋን ነጥብ አብሮ ያጠፋታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቺ ነጥብ ድሮም አልበራችም ነበርና ምንም አልሆነም። መግሪብ አሥራ ሁለት ከሃያ አራት የገባ ቀን ግን፣ ሃያ አራቱ አሥራ ስድስት ሆነ።

«አንቺ የነካሽው ነገር አለ?» አለኝ። ድምፁ ቁጣ የለበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ለቁጣ መልስ አጥቼ አላውቅም።

«አልነካሁም» አልኩት።

ፕሮግራሙ ፊት ለፊታችን ተከፍቷል። መስመሯ የነበረችበት ቦታ ባዶ ነው። እሱንም አየው፣ እኔንም አየኝ።

«እዚህ ቤት ሁለት ሰው ነው ያለው» አለ። «አንቺ ካልነካሽው እኔ ነኛ።»

መስመሯን በገዛ እጁ መልሶ ጻፋት። ከዚያ ነጠላ ጫማውን አድርጎ «ነይ» አለኝ።

መስጊድ ውስጥ የተናገረውን አልሰማሁም፤ ውጭ ነበር የቆምኩት። በየቤቱ የተናገረውን ግን አንድም አላመለጠኝም። ደረጃ ባለበት ክንዴን ይይዛል። ያንኳኳል። «ሰሌዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስምንት ደቂቃ ወሰድኩባችሁ፤ አፉ በሉኝ» ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። እንደ በሩ፣ አንዱ ጋ በሶማሊኛ፣ አንዱ ጋ በኦሮምኛ፣ አንዱ ጋ በአደርኛ፣ አንዱ ጋ በአማርኛ። በአራት ቋንቋ ሰማሁት፤ በአራቱም ጥፋቱ የሱ ነበር። ብዙዎቹ አፉ ብለንሃል ብለው ግባ ይሉታል። አንዱ ጎልማሳ ግን በሩን ሳይለቅ፣ «ቴሌቪዥንህን ጠግን፤ ዲናችንን አትጠግንልን» አለው። ጋሽ ሙሜ «ልክ ነህ» ብሎ ወደሚቀጥለው በር ሄደ።

የአዴ ፋጡማ በር ላይ ስንደርስ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። አዴ ፋጡማ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት፤ ምላሷ አያርፍም። ጋሽ ሙሜን ሰማችውና፣ «ለስምንት ደቂቃ ነው ይሄ ሁሉ? ባሌ ሠላሳ ዓመቴን ወስዶ አፉ በይኝ ሳይለኝ ነው የሞተው» አለችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«አንቺስ ምን ሆነሽ ነው?»

«ፀሐዩ ነው» አልኳት።

«ፀሐይ?» አለች። «ድሬ ተወልደሽ?»

ጋሽ ሙሜ ቀና አላለም። እዚያ ላይ መናገር እችል ነበር። አጠገቤ ነበር፤ በሩም ክፍት ነበር። ለምን አልተናገርሽም ለሚለኝ፣ ለረጅም ጊዜ አንድ መልስ ነበረኝ፦ የክርስቲያን ልጅ ጾማችንን አስፈታችን እንዳይሉ ፈርቼ። ውሸት ነው። መጋላ ነው ያደግኩት፣ እንደዚያ እንደማይሉ አውቃለሁ። የፈራሁት «ጎበዝ ናት፣ እጇ ፈጣን ነው» መባሌ እንዳይቀርብኝ ነው። ይኸው ነው።

በሳምንቱ የሰፈር ልጆች ስም አወጡለት። ድሬ የለጠፈችው ስም አይነቀልም። ቀጠሮ ሲሰጥ፣ «በኛ ሰዓት ነው ወይስ ባንተ?» ይሉታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ሰሌዳ የሚያዝ ግን ቀረ። መስጊዶቹ ይሁን፤ ፋርማሲዎቹስ? ፋርማሲ ስለ መግሪብ ምን አገባው? እሱ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሳብኝም። ሥራ ሲሰጠኝ እንደ ድሮው ነው፤ ቢንቲ ሲለኝም እንደ ድሮው ነው። እሱን ነው ያልቻልኩት። በሁለተኛው ወር ከዚራ ሰፈር ስልክ የሚጠግኑ ሰዎች ጋ ሥራ አገኘሁ ብዬ ነገርኩት። «ሂጂ፤ እዚህ ምን ሥራ አለ» አለኝ። በር ላይ ስደርስ፣ «ዜሮን እንዳትረሻት» አለኝ።

አራት ዓመት አልጠየቅኩትም። ዛሬም ስልክ ፈትቼ ብሎኖቹን ስደረድር ከዜሮ ነው የምቆጥረው፤ ወደሱ መሄጃ መንገዱን ግን ረሳሁ አልኩ። አንድ ቀን በአካል አየሁት። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እያየኝ ነበር፤ እንደ ደብተሩ ፊደል። የትኛዋ ካሬ እንደምትጠፋ ያወቀ መሰለኝ። ታጥፌ በሌላ መንገድ ሄድኩ።

ከባጃጁ የወረድኩ ቀን ድንኳኑን አልፌ ሴቶቹ ወዳሉበት ወደ ውስጥ ገባሁ። ትልቋ ልጁ ነኢማ መልካ ጀብዱ ትምህርት ቤት የምታስተምር ናት፤ አወቀችኝና አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሰው ሲቀል ስለሱ አወራችኝ። ከዚያ ረመዳን ወዲህ አዛን ከተባለ በኋላ ስምንት ደቂቃ ሳይቆይ አፍጥሮ አያውቅም አለችኝ። ለማፍጠር መቸኮል ነው ሱናው፣ ተው አባ ብላ በየዓመቱ ትጨቃጨቀው ነበር። «ተምሯን እጁ ላይ ይዞ ይቀመጣል» አለችኝ። «'ሰፈሩ መጀመሪያ ይብላ' ይለኛል።»

እዚያው ነገርኳት። መስመሯን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሳልለካ ለካሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልነካሁም ያልኩትም እኔ ነኝ።

ነኢማ አላለቀሰችም። መቁጠሪያዋ ጣቷ ላይ ቆመ።

«ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ከዋሸሁት ጀምሮ።»

መቁጠሪያዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ልታባርረኝ መስሎኝ ጫማዬን በዓይኔ ፈለግኩ። ብታባርረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ለኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?» አለች በመጨረሻ። «እኔ ያን ቀን እዚህ አልነበርኩም፤ በሰዓቱ ነው ያፈጠርኩት። በሮቹን ታውቂያቸዋለሽ።»

አውቃቸዋለሁ። ተነስቼ ወጣሁ። ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሴትዮ የነበረችበትን አለፍኩ፤ የተዘጋውን ሱቅ አለፍኩ፤ ደረጃዎቹን ያለ ክንድ ወጣሁ። የአዴ ፋጡማ በር እንደ ድሮው ሰማያዊ ነው፣ እንደ ድሮውም ገርበብ ብሏል። ገፍቼ ብገባ ማንም ተመለሽ አይለኝም።

አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

ሰብለ ብላት አታውቀኝም።

«ስምንት ደቂቃ ነኝ» አልኳት።